በሳርዎኮ ስም

«ባሌ አልሞተም ብዬ እንድዋሽልህ ነው የምትፈልገው?» አለች ኩስሪኒ። «በግልጽ ንገረኛ! ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬድሃል?»

«እንዲህ አላልኩም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን አልክ?»

«አሥር ቀን ታገሺኝ ነው ያልኩት። የወንድሜ መታወቂያ አሥር ቀን እጄ ላይ ይቆይ። ከዚያ ቀበሌ ወስደሽ አስረክቢና የሞት ምስክር ወረቀቱን አውጪ።»

«ትናንት ሳምንት ነበር፣ ዛሬ አሥር ቀን ሆነ። ማስቲካ ነው እንዴ እንዲህ የሚለጠጠው?»

በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብላ በወረንጦ የዓሣ እሾህ ትለቅም ነበር። የኩሬ ዓሣ እሾሁ አያልቅም፤ ለዱዓ የሚመጣ እንግዳ ጉሮሮ ላይ ደግሞ እሾህ መቅረት የለበትም። ሳርዎኮ ከሞተ መቶ ቀን ሊሞላው ስድስት ቀን ቀርቶታል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ሉኪቶ የቆመው በሩ ላይ ነው፤ አጎንብሶ። ባህሩ በየዓመቱ ስለሚገባ የቤቱን ወለል ሦስት ጊዜ አስደልድለው ከፍ አድርገውታል፣ የበሩን ጉበን ግን ማንም አላነሳውም። ከኩስሪኒ ትንሽ ልጅ ከዊላስ በስተቀር ቀጥ ብሎ የሚገባ ሰው የለም።

«ፊቴን አሳይቼ እስካረጋግጥ አንድ ቀን፣ አካውንቱ ወደ እኔ እስኪዛወር ደግሞ አንድ ሳምንት ይፈጃል» አላት። «በመሃሉ መታወቂያውን ድገመኝ ቢሉኝስ? ቀበሌ ከገባ አይወጣም።»

«ፊቴን ነው ያልከው? የማንን ፊት?»



ነገሩ የተበላሸው ዛሬ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት ሉኪቶ የዓሣ ኩሬ እየጠበቀ፣ በተሰነጠቀ ላፕቶፕ ብቻውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ሲማር፣ ባህሩ ስንት ሰዓት መንደር እንደሚገባ የምትናገር አንዲት የስልክ መተግበሪያ ሠራ። ስሟን ባንዩ አላት፤ በጃቫ ቋንቋ ውሃ ማለት ነው። ወደ መተግበሪያ ገበያው ለማስገባት ግን የባንክ ካርድ ያለው ሰው መመዝገብ ነበረበት፣ እሱ ደግሞ ካርድ አልነበረውም። ታላቅ ወንድሙ ሳርዎኮ ወደብ ላይ ኤሌክትሪሺያን ነበረና ካርድ ነበረው። «ስሜን ውሰደው፤ እኔ ምን እሠራበታለሁ» አለው። በዚያ አገር ስም መዋዋስ ሞተር ሳይክል እንደ መዋዋስ ነው፤ መሬት በአክስት ስም፣ ሱቅ በጎረቤት ስም ይያዛል፣ የሚጠይቅም የለም። ከዚያ ወዲህ ባንዩን የከፈተ ሁሉ ከሥሯ የሚያነበው የሠሪዋ ስም «ሳርዎኮ» ሆነ። ሳርዎኮም ሰው በተሰበሰበበት «ይሄ ተቀጣሪዬ ነው፣ ሰነፍ ቢሆንም አላባረርኩትም» እያለ ያስቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ከቤት ቤት እየዞሩ ማንበብ ለማይችሉ አሮጊቶች ስልክ ላይ ጫኑላቸው። ዛሬ በደማክ ባህር ዳርቻ አርባ ሺህ ስልክ ውሃ ከመግባቱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይጮኻል፤ ሰው ፍራሹን ያነሳል፣ ሞተሩን ወደ አስፋልቱ ያወጣል፣ ዶሮውን ጣሪያ ላይ ይሰቅላል።

ገበያው አዲስ ደንብ ያወጣው ሳርዎኮ በተቀበረ በሁለተኛው ወር ነው። እያንዳንዱ የአካውንት ባለቤት መታወቂያውን ያቅርብ፣ ፊቱንም ለስልኩ ካሜራ ያሳይ፤ ይህን ያላደረገ እስከ ተቆረጠው ቀን ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው፣ ከዚያ በኋላ ይወገዳል። ሉኪቶን የተሰማው ፍርሃት ሳይሆን እፍረት ነበር። ቁጭ ብሎ እውነቱን ጻፈላቸው፦ ባለቤቱ ወንድሜ ነው፣ ሞቷል፣ የሠራኋት ግን እኔ ነኝ፣ ምን ላድርግ? በማግስቱ መልስ መጣ። በሐዘንዎ እናዝናለን፤ አካውንቱ የግል ነው፤ አይወረስም፤ ሊያዛውረው የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ከሥሩ የአንዲት ፈረንጅ ሴት ስም አለ። ደግሞ ጻፈ። ያው ደብዳቤ ከነነጥቡ፣ ከነሴትየዋ ስም ተመለሰለት። ያን ጊዜ የጻፈውን ማንም እንዳላነበበው እርግጠኛ ሆነ።

በራሱ ስም አዲስ አካውንት ከፍቷል፤ አሁን ካርድ አለው። ነገር ግን ባንዩን እንደ አዲስ ቢያስገባት አርባ ሺው ስልክ አብሮ አይመጣም። እነዚያን ሁሉ ቤቶች እንደገና ብቻውን ሊዞር ነው?

«ልጄ» አለች ድንገት የወንድማማቾቹ እናት ከውስጥ። የሙዝ ቅጠል እየጠረገች ታጥፍ ነበር፤ የምትሰማ አትመስልም ነበር። «ወረቀት ላይ አሥር ቀን ቢኖርልኝ ምን ይጎዳሻል?»

ኩስሪኒ ወረንጦውን አስቀመጠች።

«እማ፣ የዊላስ ትምህርት ቤት ምዝገባ የሚዘጋው የመቶው ቀን ዕለት ነው። የሞት ወረቀት ከሌለኝ የቤተሰብ መዝገቡ ወደ ስሜ አይዞርም፣ መዝገቡ ካልዞረ ሰማራንግ ከተማ ልጄን የሚቀበል ትምህርት ቤት የለም። እዚያ ሥራ የሰጠኝ ፋብሪካም እህቴም እየጠበቁኝ ነው። ይህን መቶ ጊዜ ነግሬያችኋለሁ።»

«አውቃለሁ።» እናትየው ሌላ ቅጠል አነሳች። «አሥር ቀን ብቻ እኮ ነው ያልኩት።»

 ኩስሪኒ እጇን ታጠበች፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ መታወቂያውን ይዛ ተመለሰችና ከተለቀመው ዓሣ አጠገብ አኖረችው።

«እስከ ሰኞ ጠዋት» አለች። «ከሰኞ አንድ ደቂቃ አታልፍም።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሉኪቶ የወንድሙ ክፍል ውስጥ መስኮቱን ከፍቶ ተቀመጠ፤ ደንቡ በቂ ብርሃን ይኑር ይላል። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይመሳሰላሉ፤ መምህራን ሳይቀሩ የአንዱን ጥፋት በሌላው ይቀጡ ነበር። ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ሁለቴም ስልኩ ቀይ ክብ አሳየውና እንደገና ይሞክሩ አለው። አንድ ዕድል ቀረው።

«በግራ ነበር የሚከፍለው» አለች ኩስሪኒ።

ከበሩ ላይ ቆማ ስታየው ኖራለች።

«ምኑን?»

«ፀጉሩን ነዋ! አንተ እንደ ዶሮ ጎጆ ትተኸው ማን ያምንሃል?»

ማበጠሪያ በውሃ ነክራ መጣች። ከጀርባው ቆማ ፀጉሩን በግራ ከፈለችው፣ ወደ ጎን አስተኛችው፣ በመዳፏም ዳመጠችው። ከዚያ ከቁም ሣጥኑ መታወቂያው ላይ የሚታየውን ሰማያዊ ዳማ ሸሚዝ አወጣችለት። ለበሰው። ከፊቱ ዞራ ኮሌታውን ስታስተካክል እጇ አንድ ጊዜ ቆመ። ዓይኗን ከፊቱ ላይ አንስታ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፣ ማበጠሪያውን አልጋው ላይ ጣለችና ወጣች።

ሉኪቶ ስልኩን አነሳ። ወደ ግራ ይዙሩ። ዞረ። ወደ ቀኝ። ፈገግ ይበሉ። ፈገግ አለ። ክቡ አረንጓዴ ሆነ።

እናመሰግናለን፣ ሳርዎኮ።

ቀና ሲል እናቱ ቅጠሏን እንደታቀፈች በሩ ላይ አጎንብሳ ቆማለች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሳርዎ» አለችው። «ቁርስ በልተሃል?»

ስሙን እንድታርም ጠበቃት። አላረመችም።

«በልቻለሁ፣ እማ» አለ።

ራሷን ነቀነቀችና ሄደች።

ያንኑ ቀን አካውንቱ ይዛወርልኝ ብሎ በሳርዎኮ ስም ጠየቀ። ሰኞ ጠዋት መታወቂያውን መለሰ፤ ኩስሪኒ ፊቱን ሳታይ ተቀበለችውና ቀበሌ ሄደች፤ በማግስቱም የዊላስን ምዝገባ ጨረሰች። ከቅዳሜው ጀምሮ ምሳ ስትበላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ሉኪቶ ፀጉሩን በተን አደረገው፣ ሸሚዙንም አጥቦ መለሰ። ምንም አልተለወጠም። የሚያስፈልጋትን ነገር በዊላስ በኩል ትልክበታለች፦ «አጎትሽን ጀሪካኑን አምጣ በዪው።»

ረቡዕ ጠዋት ከገበያው ደብዳቤ መጣ። የጻፈላቸውን አንብበውት ነበር። የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም። ባለቤቱ መሞቱን በዚህ ቀን በጽሑፍ አሳውቀውናል ይላል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን የባለቤቱ ፊት ቀርቦልናል። ስለዚህ አካውንቱ ለሁልጊዜ ተዘግቷል፤ ከዚህ ሰው ጋር የተያያዘ ማንኛውም አካውንት፣ ዛሬ ያለውም ወደፊት የሚከፈተውም፣ ተቀባይነት የለውም። በራሱ ስም የከፈተው ሲታይ እሱም ተዘግቷል።

ይግባኝ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። ሉኪቶ ግማሽ ቀን ጻፈው። ስለ ኩሬው፣ ስለ ካርዱ፣ ስለ ቅዳሜዎቹ፣ ዶሮ ጣሪያ ላይ ስለሚሰቅሉት ሰዎች ጻፈ፤ ስለ ፀጉሩም ጻፈ፣ ያንን ግን መልሶ አጠፋው። መልሱ በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ መጣ። ውሳኔው ጸንቷል።

ለቤቱ ሰው የነገረው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። እናቱ «አይዞህ፣ ሳርዎ» አለችው። ኩስሪኒ ድስቱን ማማሰሏን ለአፍታ አቆመችና ቀጠለች።

በመቶኛው ቀን ማታ፣ የመንደሩ ሱቆች ከተዘጉ በኋላ ወንዶቹ መጥተው ምንጣፉ ላይ ተደረደሩ፤ ዱዓው ተደርጎ ሩዙና ዓሣው ቀረበ። የዓሣ ኩሬ ያላቸው ጎረቤት ጋሽ ታርሙጂ ከሉኪቶ አጠገብ ተቀምጠው አዲሱን ስልካቸውን አወጡ።

«ልጄ ገዝታልኝ ባንዩን ብፈልጋት ብፈልጋት የለችም። የት ደበቅካት?»

«ከገበያው አውጥተዋታል፣ ጋሼ።»

«ምን አጥፍተህ?»

«ስሙ የሳርዎኮ ስለሆነ ነው።»

«እና የሳርዎኮ ቢሆንስ? ሳርዎኮ ሌባ ነበር?» ጎረቤቶቹ ሳቁ። «እንግዲህ ሞተ ብለህ ንገራቸዋ!»

«ነግሬያቸው ነበር።»

«ታዲያስ?»

ሉኪቶ ዓሣውን ቆረሰ። «አሮጌው ስልክዎ ላይ ትሠራለች፤ እስከ ታኅሣሥ። የውሃውን ሰዓት የሞላሁላት እስከዚያ ነው፣ የሚመጣውን ዓመት ልጨምርላት አልችልም።»

«አሮጌውንማ ውሃ በላው» አሉ ሽማግሌው፤ ሌሎቹም እንደገና ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ከጓሮ ትልልቆቹን ድስቶች ሲፍቁ፣ ጋሽ ታርሙጂ ያዋሱትን ምንጣፍ ሊወስዱ መጡ። ብብታቸው ሥር የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይዘዋል።

«በል እንግዲህ፣ በእጅህ ጻፍልኝ። በየቀኑ ስር ሰዓቱን። ትልቅ ትልቅ አድርገህ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

ሉኪቶ በረንዳው ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ላፕቶፑን ከፈተ። ጋሽ ታርሙጂ አጠገቡ ቁጭ ብለው ሲጋራቸውን ለኮሱ። ከቤቱ ውስጥ ኩስሪኒ አጎንብሳ ወጣች፤ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ዊላስን ይዛለች። ልጅቱ ቀጥ ብላ ወጣች። ከጀርባቸው አልፈው ወደ መንገዱ ወረዱ፤ መሬቱ ገና እርጥብ ስለነበር ጫማቸውን አወለቁ።

«ሐሙስን ጻፍክ?»

«ጽፌያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።»

ከጓሮ አንዷ ሴት ለእናቱ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ ሁሉም ሳቁ። አስፋልቱ ላይ የሰማራንግ ሚኒባስ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«ዓርብስ?»

«ዓርብ አሥር ሰዓት» አለ ሉኪቶ፣ ጻፈውም። «ቅዳሜ አሥር ሰዓት ተኩል።»

«ትልቅ አድርገው አልኩህ እኮ» አሉ ሽማግሌው።