የምሽጉ የጡት አባት

ሼኽ ዐብዱልቃድር የማለዳ ስግደታቸውን ጨርሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ባለቤታቸው ዓዲላ የወፍጮ ድንጋይ ተሸክማ ከምሽጉ ኮረብታ ወረደች። ድንጋዩን አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ተነፈሰች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የወይንሸት ወፍጮ ነው፤ የባላምባራሱ ሚስት። ‹ውሰጂው፣ ላንቺ ነው› አለችኝና ፊቷን አዙራ አለቀሰች።»

ሼኹ ድንጋዩን ትኩር ብለው ተመለከቱት። የወታደር ሚስት ባሏ ሲዘምት ድስቷን ታውሳለች፣ ዶሮዋን ታስጠብቃለች፤ እመለሳለሁ የምትል ሴት ግን ወፍጮዋን ለማንም አትሰጥም።

ምሽጉ የቆመው በእርሳቸው ፈቃድ ነበር። ባላምባራስ ገላው ከደጋ ሠራዊት ይዞ መጥቶ፣ ቱርኮች ትተውት የሄዱትን የድንጋይ ቅጥር ሊያድስ ሲለምን፣ ኮረብታውን የሰጡት ሼኹ ናቸው። ያን ጊዜ ገላው በሠራዊቱና በአገሩ ሽማግሌዎች ፊት ተንበርክኮ፣ በማር የተነከረ አውራ ጣታቸውን ጠብቶ የጡት ልጃቸው ሆነ። «ይህ ምሽግ ሳለ ሕዝብዎን የሚነካ የለም፤ ምሽጉ የሚነሣ ቢሆን አስቀድሜ የምነግረው ለእርስዎ ነው» ብሎም ማለ። ሼኹ መሐላውን አምነው፣ ባሪያ ፈንጋዩን ማህጁብን ፈርቶ በዐለቱ ራስ ላይ ይኖር የነበረውን ወገናቸውን ወደ ሜዳው አወረዱ። ሜዳውም አላሳፈራቸውም፤ በዚህ ኅዳር ማሽላው ራሱን ደፍቶ አጨዳ ይጠብቅ ነበር።

ትናንት ባላምባራሱ «ቅጥሩን የሚጠግኑ ጎልማሶች ነገ ይላኩልኝ» ብሎ ልኮ ነበር። ጎልማሶቹ የተፈለጉት ለቅጥሩ ሳይሆን ለሚነሣው ሠራዊት ጓዝ ለመሸከም እንደሆነ አሁን ለሼኹ ተገለጠላቸው።

«ዓዲላ፣ ከጎልማሶቹ አንድም ሰው ወደ ምሽጉ እንዳይሄድ። ሰዉን ሁሉ ይዘሽ ወደ ዐለቱ ውጪ።»

«ማሽላውስ?»

«የማህጁብ ፈረስ ይብላው። ሕፃንና ፍየል ብቻ ያዙ።»

«እርስዎስ?»

«እናንተ እስክትወጡ ምሽጉ ሄጄ የልጄን የገላውን ዓይን እይዛለሁ። ምናልባት ተሳስቼም እንደሆን እሱው ይነግረኛል። ሂጂ፣ እከተላችኋለሁ።»

በምሽጉ በር ላይ ዘበኛው ዳኜ በቅሎ እየጫነ አገኛቸው።

«ሼኽ! ብቻዎን ነው የመጡት? ጎልማሶችዎ ምነው፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ሙሽራ ሆኑ?»

«ይመጣሉ። አንተ እስከዚያ ጭነቱን በትክክል እሰር፤ በቅሎው ራሱ እየሳቀብህ ነው።»

ወታደሮቹ ሳቁ፤ ዳኜም አብሮ ሳቀ። ውስጥ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ድንኳኑ ተጠቅልሏል፤ የጥይት ቤቱ በር ሳንቃ እንኳ ተነቅሎ ከጓዙ ጋር ተደርድሯል። ገላው ወጥቶ ተቀበላቸው፤ እንደ ወትሮው ግን ጉልበታቸውን አልሳመም።

«ገላው ልጄ፣ የት ልትሄድ ነው?»

«ለአጭር ጉዳይ ነው አባቴ። ወዲያው እንመለሳለን።»

«በር ተነቅሎ አጭር ጉዳይ አለ?»

ባላምባራሱ መሬት መሬት አየ። «ድንበሩ ከእንግሊዝ ጋር ተሰመረ። ምሽጉ ከእንግዲህ አያስፈልግም ተባለ። ትእዛዝ ነው፤ እኔም ሎሌ ነኝ።»

«ምሽጉስ የማን ይሆናል?»

«ማን ያውቃል? አንዱ ይፍረስ ይላል፤ አንዱ ለማህጁብ ይሰጥና ግብር ያግባበት ይላል። ገና አልተቆረጠም።»

«ለማህጁብ» አሉ ሼኹ ቀስ ብለው። «ትእዛዙ መቼ መጣ?»

«በመስከረም።»

በመስከረም ገላው ቤታቸው ተቀምጦ ስለ ዝናቡ ሲጫወት ውሎ ሄዷል። በመስከረም ማሽላው ገና ከጉልበት አላለፈም ነበር፤ ያኔ ቢነገራቸው ኖሮ በዐለቱ ላይ ያሉትን ጎጆዎች አድሰው፣ ማሽላውንም ፍሬው ጠንከር እንዳለ ፈጥነው አጭደው ይጠብቁ ነበር።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ሕዝቡ ከሰማ ይሸሻል፤ ጓዛችንን ማን ይሸከማል? አለቆቼ ቃል እንዳይወጣ አሉ። እርስዎን ግን አልጥልዎትም! በቅሎ አስጭኛለሁ፤ ደጋ ወስጄ እጦርዎታለሁ።»

«ወላሂ ገላው! እኔን በበቅሎ፣ ሕዝቤን በሸክም፤ ሸክሙን ሲያወርድ ደግሞ ለማህጁብ! ጠላት ሆነህ ብትመጣ ጦርህን አይቼ እሸሽ ነበር። ልጅ ሆነህ መጣህ፤ ከልጁ የሚሸሽ ማን ነው?»

 ይህን ብለው ግን ሼኹ አልሄዱም፤ ስለ መንገዱ ጠየቁት፣ ስለ ወንዙ መሻገሪያ ጠየቁት፣ ስለ ደጋው ብርድ ጠየቁት። ገላውም ይቅር የተባለ መስሎት እየተቻኮለ ይመልስ ነበር። ፀሐይ ከፍ ስትል ዳኜ እየሮጠ ገባ።

«ጌታዬ፣ መንደሩ ባዶ ነው! ሰዉ እንደ ጉንዳን ዐለቱን ይዞ ይወጣል!»

የገላው ፊት ጠቆረ። «አባቴ፣ ለዘበኛዬ ይመጣሉ አላሉም?»

«አልሁ። ማታለልን የተማርሁት ከልጄ ነው።»

«አስሬ ብወስድዎትስ?»

«እሰረኝ። በመሐላ ያሰርኸኝ አነሰህና በገመድ ድገመው።»

ገላው ወደ ወታደሮቹ ዞረ፤ ወታደሮቹ ግን ዓይናቸውን ከእሱ አሸሹ። ገላውም «ጫኑ! የቻላችሁትን ራሳችሁ ተሸከሙ፤ የቀረው ይቅር» አለ። ወይንሸት በነጠላዋ ተሸፍና አለፈች። ገላው ከሁሉ በኋላ ወጣ፤ ከበሩ ላይ ዞሮ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሼኹ ግን እጃቸውን አንሥተው ሂድ አሉት።

አቧራው ሲረግብ ሽማግሌው ቀና ብለው ወደ ዐለቱ ተመለከቱ። የመጨረሻዎቹ ሰዎች ከጫፉ ደርሰዋል፤ አንዲት ሴት ከዳሩ ቆማ ወደ ታች ታያለች። የዐለቱ መንገድ የፍየል መንገድ ነው። ሼኹ ያን ጊዜ ወገናቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ሲወርዱ እንኳ ሁለት ሰው ደግፏቸው ነበር፤ ዛሬ እንደማይወጡት፣ ለዓዲላ «እከተላችኋለሁ» ሲሉም ያውቁት ነበር። ወደ ላይ አንድ ጊዜ እጃቸውን አወዛወዙ። ከዚያ ወደ ባዶው ምሽግ ተመልሰው ገቡ፤ የማህጁብ አገር መንገድ በሚታይበት በኩል ቅጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ፤ ጥምጣማቸውንም አስተካከሉ።