ያልተነገሩት አርባ መስመሮች

በኮምፒውተር ምህንድስና ትምህርት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ፣ ከላብራቶሪው በር ጀርባ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች ነበሩ። በአንዱ ላይ የላብራቶሪው ጠባቂ ይቀመጣሉ። ሌላው ፕሮግራሙ እምቢ ላለው ተማሪ ነው።

ይህን ልማድ ያመጣችው የፕሮግራም መምህርቷ ናት። ከሰባት ዓመት በፊት ተማሪዎቹ በየደቂቃው "ቲቸር፣ አልሠራ አለኝ!" እያሉ መውጫ መግቢያ ሲያሳጧት፣ ቁልፍና መዝገብ ይዘው በር ላይ የሚውሉትን ጎልማሳ ጠራቻቸው።

"ከዛሬ ጀምሮ ማንም ተማሪ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ለእርስዎ ይናገር።"

"እኔ ምን አውቄ?" አሉ።

"ስለማያውቁ ነው የፈለግኩዎት። ዓይን ደስ ያለውን ያነባል፤ ምላስ ግን ያልገባው ቦታ ሲደርስ ይደናቀፋል። ዝም ሲሉብዎት 'ከዚያስ?' ይበሏቸው። ሌላው የእነሱ ነው።"

እንዳለችውም ሆነ። ተማሪው መጥቶ፣ "ከዚያ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል" ይላል። "ከዚያስ?" ይላሉ። "ከዚያማ እንደገና በአንድ ይጨምራል… ውይ! የት ይቆማል? ማቆሚያ አላበጀሁለትም'ኮ!" ብሎ ላፕቶፑን እንደታቀፈ ይሮጣል። እሳቸውም ምን እንደረዱት ሳያውቁ "ተመስገን" ይላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ግቢው ሁሉ "ጋሼ ከዚያስ" እንደሚላቸው የሰሙት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው።

"ጋሼ፣ ፈጣሪ እንኳ የእኛን ልመና ሲሰማ ሳያዛጋ አይቀርም፤ እርስዎ ግን አያዛጉም" ብሎ የቀለደባቸው ተማሪ ነበር።

"ተው አንተ፣ አትዳፈር። እሱ ቢያዛጋ ማናችን እንተርፍ ነበር?" አሉት።

የመመረቂያ ሥራ በሚቀርብበት ቀን ጠዋት መብራት አልነበረም። የመጣው አራት ሰዓት አካባቢ፣ ፈታኞቹ ሊቀመጡ ሲሉ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መምህርቷ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ላብራቶሪው መጣች።

"ጋሼ፣ ይፈለጋሉ። መካኒኳን ሊያባርሯት ነው።"

መካኒኳ የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ስሙ የወጣላት በአባቷ ጋራዥ ውስጥ ስላደገች ነው፤ ዛሬም ድረስ ጥፍሯ ሥር ግራሶ አይጠፋም። የመመረቂያ ሥራዋ የክትባት ማቀዝቀዣ ላይ የሚገጠም ትንሽ መሣሪያ ነው። በየአምስት ደቂቃው ሙቀቱን ይለካል፤ ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ይጮኻል። አራት ወር ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ያንን ሁለተኛ ወንበር አሙቃዋለች።

"ምን አጠፋች?"

"ካለፈው ዓመት ተመራቂ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሥራ ጋር አርባ መስመር ቃል በቃል ገጠመባት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ 'አርባው ከተሰረቀ ሌላውንም ሰው ነው የሠራላት' ብሎ ድርቅ አለ። ደንቡን ያውቁታል፤ የሰው ሥራ የኔ ነው ብሎ ያቀረበ ይባረራል። እኔ ግን ሁሉንም ለእርስዎ ስታስረዳ ከርማለች አልኳቸው።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ይግቡና 'ከጫፍ እስከ ጫፍ ነግራኛለች' ይበሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩ።"

"አርባው መስመር የትኛው ነው?"

"የሙቀት ንባቦቹን የሚያለሰልሰው፤ የሚዘለውን ቁጥር የሚያረጋጋው።"

ጋሼ ከዚያስ ያንን ቦታ ያውቁታል። በፕሮግራም አይደለም የሚያውቁት፣ በድምፅ ነው። ልጅቷ ሌላውን ሁሉ እንደ ሞተር እየፈታታች፣ ይሄ ከዚህ ይገባል፣ ያ ያንን ይገፋል እያለች በዝግታ ታወራና፣ እዚያ ስትደርስ "እዚህ ጋ ንባቦቹ ይለሰልሳሉ" ብላ፣ ከተኳረፈችው ሰው ጋር መንገድ ላይ እንደተገጣጠመች ሁሉ አንገቷን ሰብራ ታልፋለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጋለች። የመጀመሪያ ቀን የጸሎታቸው ሰዓት ደርሶ ቁልፉ እጃቸው ላይ ነበርና አለፏት። ሁለተኛው ቀን ዓይኗ በድካም ቀልቶ ስላዩ አዘኑላት። ሦስተኛው ቀን ለመዱት። ሦስቱንም ጊዜ "ከዚያስ?" ብለዋታል፤ ቃሉ ግን ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይጎትትም።

በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የላላ ብሎን እንደሚያጠብቅ ሁሉ ክራቫቱን ደጋግሞ እያጠበቀ ተቀምጧል። የመካኒኳ አባት ነው።

"ወንድሜ፣ ጨረሰች እንዴ?"

"ገና ነው።"

"የውስጡ ድምፅ አላማረኝም" አለ፣ በሩን በአገጩ እያመለከተ። "ሞተር ሊቆም ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

ጋሼ ከዚያስ በልባቸው "ፈጣሪዬ፣ አንተው ምላሴን ያዝልኝ" ብለው ገቡ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከጠረጴዛው መሀል፣ ከውጭ የተጋበዘው ሽበታም ፈታኝ ከጎኑ ተቀምጠዋል። መምህርቷ ሦስተኛውን ወንበር ያዘች። መካኒኳ ሰሌዳው ሥር ቆማለች፤ መሣሪያዋ ጠረጴዛው ላይ ገመዱን አንጠልጥሎ እንደ ተመረመረ በሽተኛ ተጋድሟል። ዓይኗን ወደ ጋሼ ከዚያስ አነሳችና ወዲያው መለሰችው።

"ይቀመጡ" አለ ኃላፊው። "ረጅም ወሬ አያስፈልገንም። ፕሮግራሙን ስታስረዳዎት ከርማለች ተብሏል። ሥራው የሷ ነው? ነው ወይም አይደለም ይበሉኝ።"

"በአንድ ቃል አይመለስም፣ ዶክተር።"

"ለምን አይመለስም?"

መምህርቷ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ስታወዛውዝ ይታያል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጋሼ ከዚያስ ፊታቸውን ወደ ኃላፊው አዞሩ።

"ሴንሰሩ እንዴት እንደሚለካ፣ ድምፁ መቼ እንደሚነሳ፣ በሩ ተከፍቶ ሲቆይ ምን እንደሚደረግ፣ ሁሉንም ከአፏ ሰምቻለሁ። ስትሳሳትም፣ ስሕተቷን ስታገኝም፣ ተናዳ ስታለቅስም ሰምቻለሁ። ሰው የሌላውን ሥራ እንደዚያ አያለቅስለትም። የሷ ነው። አንድ ቦታ ግን አልነገረችኝም። ንባቦቹ ይለሰልሳሉ ብላ ታልፈዋለች። ሦስት ጊዜ አልፋዋለች።"

መምህርቷ ዓይኗን ጨፈነች። መካኒኳ አንገቷን ደፋች።

"አለቀ!" አለ ኃላፊው ብዕሩን አንስቶ። "ምስክሯ ራሱ መሰከረባት።"

"አላለቀም፣ ዶክተር። ጥፋቱ የኔም ነው። ፕሮግራሙን ባላውቅም የተቀመጥኩበትን ምክንያት አውቃለሁ፤ ሰምቼ ማለፍ አልነበረብኝም። ይፍቀዱልኝና አሁን ትንገረኝ። ካወቀችው ከአፏ ይወጣል፤ ካላወቀችውም ይታያል።"

"ይሄ የፈተና ክፍል ነው ወይስ የንስሐ?"

ሽበታሙ ፈታኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። "እኔ ሠላሳ ዓመት ፈትኛለሁ፣ እንዲህ ያለ ፈተና አላየሁም። ሩብ ሰዓት እንስጣቸው። ብዕሩ የትም አይሄድብህም።"

ወንበር ተሳበላትና ከጋሼ ከዚያስ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አርባው መስመር በትልቁ ስክሪን ላይ ተዘርግቷል።

"በይ ልጄ።"

"የፍሪጁ በር ሲከፈት ሙቀቱ ለአፍታ ይዘላል" አለች በቀጭን ድምፅ። "መሣሪያው በየመዝለሉ እንዳይጮኽ የመጨረሻዎቹን አሥር ንባቦች ይዞ አማካያቸውን ይወስዳል።"

"ከዚያስ?"

"ንባብ የሚቀመጥባቸው አሥር ሳጥኖች አሉ። አዲስ ንባብ ሲመጣ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። ይደመራሉ፤ ለአሥር ይካፈላሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አማካዩ ከስምንት ከበለጠ ይጮኻል።" ድምፅዋ ትንሽ ነፍስ ዘራ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

ጋሼ ከዚያስ ግን ፊቷን ነበር የሚያዩት። ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ራስጌ፣ ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ሄዶ ቀረ።

"ከዚያስ?" አሉ ቀስ ብለው።

"መብራት ሲሄድ መሣሪያውም ይጠፋል። ሲመጣ ሳጥኖቹ… ሳጥኖቹ በዜሮ ይሞላሉ።" ተነሣች። ማንንም ሳታስፈቅድ ጠመኔ አነሳች። "መብራት ቆይቶ ሲመጣ ፍሪጁ ውስጥ አሥራ ሁለት ዲግሪ ነው እንበል። የመጀመሪያው ንባብ አሥራ ሁለት፣ ዘጠኙ ዜሮ። አማካዩ አንድ ነጥብ ሁለት። ሁለተኛው፣ ሁለት ነጥብ አራት…" እየጻፈች ወረደች። "ከስምንት የሚያልፈው ሰባተኛው ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቀዝቃዛ ነው ይላል! እስከዚያ ደግሞ ፍሪጁ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ጭራሽ ላይጮኽ ይችላል። ክትባቱ ተበላሽቶ ማንም ሳያውቅ…"

ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ።

"ይዋሻል" አለች። "ይሄ ነገር ይዋሻል። እኔ አልጻፍኩትም። የኔው የፍሪጁ በር በተከፈተ ቁጥር እየጮኸ ሲያስቸግረኝ ካለፈው ዓመት ተመራቂ ወሰድኩት። ሲሠራ አየሁና አላነበብኩትም።"

ቀድሞ የጠየቀው ሽበታሙ ፈታኝ ነው።

"ያ ያለፈው ዓመት መሣሪያ አሁን የት ነው ያለው?"

ኃላፊው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ዶክተር?" አለች መምህርቷ።

"የግቢው ክሊኒክ ማቀዝቀዣ ላይ" አለ። "እኔ ነበርኩ አማካሪው። እኔ ነኝ ያስገጠምኩት።"

ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ጣሪያው መብራት ቀና አሉ። ከመጣ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም።

ኃላፊው ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ድምፁን ከፈተው። አንድ ጊዜ ጠራ። ሁለት ጊዜ ጠራ። በሦስተኛው የነርሷ ድምፅ መጣ፤ ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል።

"እህቴ፣ የክትባት ፍሪጁ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው ዶክተር፣ መሣሪያው ዝም ብሏል።"

"እሱን ተዪው። ከፍተሽ ውስጡ ያለውን ቴርሞሜትር እዪልኝ።"

የእግር ኮቴ፣ የበር ድምፅ። ጋሼ ከዚያስ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጠብቃሉ።

"ኧረ! አሥራ አንድ ይላል።"

"ዛሬ የከተብሽው ሰው አለ?"

"ልጀምር ስል ነው የደወሉት። የሠራተኞች ልጆች ናቸው፣ ስድስት እናቶች ተቀምጠዋል።"

"እንዳትነኪው! አንዷንም ጠርሙስ እንዳትነኪ! እየመጣሁ ነው።"

ስልኩን ዘጋ። ብዕሩን ፈለገ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ አላየውም። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ባለፈው ዓመት እኔም እዚያ ቦታ ላይ አልጠየቅኩም" አለ። "'ሠራ' ብዬ ከፍተኛውን ውጤት ሰጠሁት።"

ውሳኔው ቶሎ መጣ፤ ለልጅቷም ሙሉ ምሕረት አልነበረም። ሥራው ለዛሬ ወድቋል፤ የሰው መስመር የኔ ነው ብሎ ማቅረብ አይፋቅም። መባረሩ ግን ቀረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አርባውን መስመር ራሷ ጽፋ፣ የክሊኒኩንም አስተካክላ እንደገና ትቀርባለች። ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም።

ኮሪደሩ ላይ መምህርቷ ጋሼ ከዚያስን እጃቸውን ይዛ አስቆመቻቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አንድ ቃል ነበር የለመንኩዎት፣ ጋሼ። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?"

"ሦስቴ ዝም ብያለሁ፣ ልጄ። አራተኛውን ፈራሁት።"

በአግዳሚው በኩል የልጅቷ አባት ብድግ ብሏል። መካኒኳ ከፊቱ ቆማ መሣሪያዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

"አባዬ፣ አላለፍኩም። የሰው ዕቃ ገጥሜ ተያዝኩ።"

ሰውዬው መሣሪያውን አገላብጦ አየው።

"ዕቃው ይሠራ ነበር?"

"አይሠራም።"

"የማይሠራ ዕቃ ሰርቀሽ?" አለና ራሱን ነቀነቀ። "ይሄንንስ ከእኔ ጋራዥ አልተማርሽውም።" ክራቫቱን አላልቶ በራሱ በኩል አወጣውና ኪሱ ከተተው። "መቼ ነው የምንመለሰው?"

"በሦስት ሳምንት።"

"እንግዲያው ቋጠሮውን አልፈታውም፤ ማሰሩ ነው የገደለኝ።"

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ከኮምፒውተሮቹ ማራገቢያ በቀር ድምፅ የለም። መካኒኳ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፈተች። ተቀይማ እንደሆን ጋሼ ከዚያስ አላወቁም፤ አልጠየቁም።

"ያንን አጥፍቼ የራሴን ጀመርኩ" አለች በመጨረሻ። "ሴንሰሩ ይለካል። ከዚያ ንባቦቹ ይለሰልሳሉ፤ ከዚያ…"

"እንዴት?" አሉ።

ቀና ብላ አየቻቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ከዚያ ወንበር ላይ ሌላ ጥያቄ ተሰምቶ አያውቅም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት የጸሎታቸው ሰዓት እንደደረሰ ያሳያል። ጋሼ ከዚያስ ወደ ሰዓቱ አንጋጠጡ፣ እጃቸው ላይ ያለውን የቁልፍ እስር አዩ፣ ከዚያ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቀው መሬት ላይ አስቀመጡት።

"እሱ ይጠብቀኛል" አሉ። "አንቺ ከሥሩ ንገሪኝ።"

መካኒኳ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሰች። "እሺ። አሥር ሳጥኖች አሉ፤ ግን መሣሪያው መጀመሪያ ባዶ መሆናቸውን ማወቅ አለበት" ብላ ጀመረች።