የማስትሮው ግራ እጅ

ማስትሮ የሚለውን ስም ማን አወጣለት ብትሉ ራሱ ነው። ሌላ ሰው እስኪያወጣለት ቢጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ «የሆቴሉ ፒያኖ ተጫዋች» እንደተባለ ይቀር ነበር። በሆቴሉ ሳሎን፣ መስኮቱ ጥግ፣ አሥራ አንድ ዓመት ተጫውቷል። ቀኝ እጁ፣ እውነት ለመናገር፣ እሰይ የሚያሰኝ ነው፤ ላይ ታች ይላል፣ ይንቆረቆራል፣ ሰው እንዲያየውም ከፍ ብሎ ይወርዳል። ግራ እጁ ግን ምን አለፋችሁ፣ ፈርሞ ገብቶ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ እንደሚጠፋ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። ሁለት ወፍራም ድምፅ፦ ዱም፣ ዱም። ለፍቅር ዘፈንም ዱም ዱም፣ ለልደትም ዱም ዱም።

አርብ አርብ አብራው የምትሠራው ዘፋኝ፣ ቤዙን፣ ያን የግራ እጅህን ወፍራም ድምፅ፣ እስቲ ትንሽ አንቀሳቅሰው፣ ከአንዱ ኮርድ፣ ከአንዱ የድምፅ ጥምር፣ ወደ ሌላው ዘሎ ከሚያርፍ በእግሩ ይሂድ ብላ ለምናው ነበር። ማስትሮ እንደ መሳቅ አለና «ግራ እጅን ደግሞ ማን ይሰማዋል?» አላት።

እሑድ ከሰዓት አባቱ ይመጣሉ። አርባ ዓመት አውቶብስ ሥር ተኝተው ያገለገሉ መካኒክ ናቸው። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ፒያኖው አጠገብ ይቀመጡና በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንቅልፋቸውን ይለጥጡታል። ሰው ሲያጨበጭብ ብንን ብለው ከሁሉም አስበልጠው ያጨበጭባሉ። ይሄ የማስትሮን አንጀት ያሳርረዋል። ጋራዡን ትቼባቸው ስለወጣሁ ቂም ይዘውብኛል ብሎ ደምድሟል። ከዓለም የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፦ አባቱ አንድ ቀን ከልባቸው ሰምተውት ጎበዝ እንዲሉት። ለዚህ ብሎ ቀኝ እጁን በየዓመቱ አፈጠነው፤ እሳቸውም በየዓመቱ እንቅልፋቸው ጠና።

ስልክ ሲጠራ አልሰማ ቢላቸው ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ቁልቁል የወረደ መስመር አሳየችው። ወፍራም ወፍራሙን ድምፅ እንደ ጎረምሳ ይሰማሉ፤ ከመሀል ወደ ላይ ያለው ቀጭኑ ግን ድራሹ ጠፍቷል። የመዶሻ ሥራ ነው፣ ቢያንስ አሥር ዓመት ሆኖታል አለችው። የሰውን ወሬ አፍ አፍ እያዩ ነው የሚረዱት።

ማስትሮ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ መንቆርቆር፣ ያ ሁሉ ላብ፣ አንዷም አልደረሰቻቸውም። አባቱ አሥር ዓመት ሙሉ የሰሙት ዱም ዱምን ነው። አፈረ፤ በጣም አፈረ።

ሁለት ሳምንት፣ ቤቱ ባለው አሮጌ ፒያኖ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ግራውን ብቻ ሲያሠራ ከረመ። አንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ሲያልፍ መሀል ላይ መሸጋገሪያ ድምፅ ጨመረ። ቤዙን በደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ እያለ አወረደው፤ ዜማው ሲያርፍ እንዲመልስለት፣ አንዳንዴም አፉን እንዲዘጋ አስተማረው። ሚስቱ ጉርምርምታውን ሰምታ ከጓዳ ሆና ሶፋውን ወዴት እየጎተትከው ነው አለችው።

እሑድ ደረሰ። የድሮውን የፍቅር ዘፈን ጀመረ። አባቱ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ከደኑ። ቤዙ መውረድ ሲጀምር ገለጡት። አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ ሞተር እንደሚያዳምጡ ሁሉ መዳፋቸውን ፒያኖው ላይ አሳርፈው እስከ መጨረሻው ቆዩ። ማንም ሳይጀምር አጨበጨቡ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ በሹክሹክታ መስሏቸው፣ ሳሎኑ ሁሉ እየሰማ፣

«ተመስገን! ሁለተኛ ዘፈን ተማርክ» አሉት።

ማስትሮ አፉን እንዲያዩለት ዞሮ «አባባ፣ ታዲያ ለአንድ ዘፈን ይሄን ሁሉ ዓመት ምን አመላለስዎት?» አላቸው።

አባቱ ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። «አንድ ዘፈን ብቻ ለሚችል ሰው፣ እኔ ካልመጣሁ ማን ያጨበጭብለታል?»

ማስትሮ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ሦስተኛውን ዘፈን ከግራ እጁ ጀመረላቸው።