ሳላይ አልረከብም

ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሆቴል ሲገባ ሻንጣውን ወርውሮ አልጋው ላይ አይዘረርም። ሌላው ቢዘረር መብቱ ነው። እኔ ግን ደሴ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከወንበር እስከ መኪና ጎማ ስረከብና ሳስረክብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ሳላየው የፈረምኩበት አንድ ወረቀት የለም። ሦስት ኃላፊዎች በዚህ ጠባዬ ዓይንሽን አያሳየን ብለውኛል። ሦስቱም ተነሥተው ሄዱ፣ እኔ እንቁ ግን እዚያው መጋዘኔ ውስጥ ቀረሁ።

ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ካለው የእንግዳ ማረፊያ ስንደርስ፣ እንግዳ ተቀባይዋ መዝገቡን አዙራ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ ስትለኝ፣ መጀመሪያ ክፍሉን አሳዪኝ አልኳት። ሀጀር ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። ፈገግ አለች። ፈገግታዋ አልጣመኝም። ክፍሉ ደህና ከሆነ ፊርማው ምን ያስቸኩላል?

እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን የማልጠረጥረው ነገር አልነበረም። ጠዋት ሆስፒታል ነበርን። የባለቤቴ የአምደሚካኤል የልቡ አንዱ ቫልቭ ተበላሽቷል፤ ትንሽ ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሲተኛ ትራስ ደራርቦ ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት ሐኪሞች ከውጭ ለአንድ ሳምንት ብቻ የመጡ ናቸው። የእሱ ተራ ደርሷል፤ በማግስቱ ጠዋት ይተኛል፣ በሦስተኛው ቀን ደረቱ ይከፈታል። የስምምነት ወረቀቱን እሱ ሳያመነታ ፈርሟል። ከእሱ ፊርማ ሥር ግን የቅርብ ቤተሰብ የሚል ባዶ መስመር አለ፣ ያ የእኔ ነው። ስለ ሕክምናው ጥቅምና ጉዳት ተገልጾልኝ፣ ተረድቼ ተስማምቻለሁ ይላል። ምኑን ነው የተረዳሁት? ደረቱን ከፍተው አሳይተውኛል? አንብቤ እመልሳለሁ ብዬ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። ነርሷ፣ ሲስተር ገንዘቤ፣ በር ድረስ ተከትላኝ ነገረችኝ፤ እስከ አሥር ሰዓት ፈርሜ በቴሌግራም ካልላክሁ ተራው ለተጠባባቂው ይሰጣል። ማረፊያው ስንደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሊፍቱ ላይ "ለጊዜው አይሠራም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ጫፉ ተጠቅልሏል። ይህ "ለጊዜው" ስንት ዓመቱ ነው ብዬ ሀጀርን ጠየቅኋት፣ መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው አለችኝ። አምደሚካኤልን ታች ሶፋ ላይ አስቀምጬ፣ እኔ ክፍሉን አይቼ እስክጠራህ እንዳትነሣ ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛ ፎቅ፣ የመጀመሪያው ክፍል። ከበሩ ጀመርኩ፤ ሁሌም ከበሩ ነው የሚጀመረው። ቁልፉ ሲዞር ላላ ይላል። ጻፊ አልኳት። ምን ላይ ልጻፍ አለችኝ። የራሴን ደብተር ሰጠኋት። አንሶላውን ገልጬ የፍራሹን ስፌት ዙሪያውን በስልኬ መብራት አየሁ፤ ትኋን የሚደበቀው እዚያ ነው። ትኋን የለም። አለመኖሩም ትንሽ አበሳጨኝ። ሙቅ ውሃውን ከፍቼ እስከ ስልሳ ቆጠርኩ፣ ለብ እንኳን አላለም። ቦይለሩ ገና መበራቱ ነው አለች። ታዲያ እንግዳ እንደሚመጣ አታውቁም ነበር? ጻፊ። የእህቴ ልጅ ቲጂ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ካሜራ ይደብቃሉ ብላ አስፈራርታኛለች፤ መስታወቱን በጥፍሬ ነካሁት፣ ጀርባውን ዳሰስኩት፣ የመጋረጃውን ጫፍ ጨመቅሁት። ቀና ስል ጣሪያው ላይ ቀይ ነገር ብልጭ ይላል። ይሄ ማነው የሚያየኝ አልኩ። ጭስ ሲኖር የሚጮህ ነው ብላ ወንበር ላይ ወጥታ በጣቷ ስትጫነው ጩኸቱ ኮሪደሩን አናጋው። እሺ፣ ጭስ ነው። ግን በሩ የማይቆለፍ ክፍል አልረከብም አልኩ።

ሀጀር አልተቆጣችም። እሱም አስጠረጠረኝ፤ አንዲት አሮጊት እንዲህ ስታደርቀው የማይቆጣ ሰው ምን አስቦ ነው? ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተሻለ አለ ብላ ወሰደችኝ። የተሻለ ነበር። ቁልፉ ጥብቅ፣ ውሃው ትኩስ፣ አልጋው ሰፊ። መስኮቱን ስከፍት አውሮፕላን ጣሪያ የሚነካ መስሎ አለፈ እንጂ ሌላ እንከን አጣሁለት። ለአምደሚካኤል ደወልኩና ቀስ ብለህ ና፣ በየፎቁ ዕረፍ አልኩት። ሻንጣው ይቆይ፣ ሰው ያመጣዋል ብለውት እምቢ ብሎ ይዞ መጣ። ሲደርስ ግንባሩ ላቦታል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ነው ግድግዳውን ያየሁት። ሦስቱ ግድግዳ አሮጌ ቀለም፣ አራተኛው፣ ከአልጋው ራስጌ ያለው፣ ገና ትኩስ ቀለም ነው። መጋዘን ውስጥ አንድ ግድግዳ ብቻውን ከተቀባ ወይ ውሃ እየገባ ነው፣ ወይ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። መዳፌን አስጠጋሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ሀጀርን ከኋላው ምን አለ አልኳት። ባኞ ቤት አለች። ታዲያ ለምን ተቀባ? ቀለም ስለ ተላጠ። ለምን ተላጠ? ልጅቱ ደብተሩን ገለበጠች። ይኸው፣ እርጥበት ነው፤ ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው እርጥበት ሥር ላስተኛው ነው እንዴ? ይህንንም አልረከብም አልኩ።

አምደሚካኤል ሻንጣውን ወደ ራሱ ሳበ። አርባ ዓመት አብሮኝ ኖሯል፣ ወረቀት ከያዝኩ እንደማልመለስ ያውቃል።

ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ገንዘቤ ነበረች፤ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል፣ ወረቀቱ አልደረሰኝም አለች። እየመጣ ነው አልኳት። ውሸቴን ነበር፤ ከቦርሳዬ አልወጣም። የሚያድርበትን ቦታ ሳላስተካክል እንዴት ብዬ ነው ሌላ ነገር የምፈርመው? ለራሴም እንደዚህ ነበር የምለው። አንድ ነገር በትክክል ከተረከብኩ ሌላውም የሚስተካከል መስሎኝ ነበር።

አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ቀርቷል ብላ ሀጀር ቀደመች። ተከትያት ወጣሁ፤ አምደሚካኤልም ሻንጣውን አንሥቶ ከኋላ ተከተለን። ደረጃውን እየወጣሁ የእጅ መደገፊያውን ሳይቀር እነቀንቅ ነበር። ክፍሉ ደጃፍ ደርሼ፣ አምዴ፣ ይሄኛው እንኳን ፀሐይ አለው ብዬ ዞር ስል ከኋላዬ የለም።

ሀጀር ከእኔ ቀድማ ወረደች። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መሃል ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ሻንጣው ከእጁ አምልጦ ሁለት ደረጃ ወርዷል። ከንፈሩ አመድ መስሏል። አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል፣ አየሩ ግን አይገባለትም። እጁን ስይዘው በረዶ ሆኗል። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ለሲስተር ደወልኩ፤ ከደረጃ ይራቅ ተብሎ የለም እንዴ አለችኝ፤ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ በአምስት ደቂቃ ካልተሻለው ይዛችሁት ኑ አለች። ሀጀር ሻርፗን አጥፋ ከጀርባው አደረገች፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታችለት፣ አባባ በአፍንጫዎ፣ ቀስ ብለው እያለች አብራው ተነፈሰች። ስጠረጥራት የዋልኩትን ልጅ እያየሁ አፈርኩ።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የከንፈሩ ቀለም ቀስ በቀስ ተመለሰ። በሁለት በኩል ደግፈነው ወርደን፣ ቀለም የተቀባው ግድግዳ ያለበት ክፍል አስገባነው። ትራስ ደራርበን ቀና አድርገን አስቀመጥነው። ግድግዳውን ዞሬም አላየሁት።

ትንፋሹ ሲረጋለት ወደ እኔ ዞረ።

"እንቁ፣ አሥረኛ ፎቅ ብትወጪም ያው ክፍል ነው የምታገኚው። ክፍሉን አይደለም የፈራሽው።"

ወረቀቱን አወጣሁ። አልፈረምኩም ግን፤ መጀመሪያ ከፊርማው በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ሥራዬ ላይ እንደማደርገው፣ ማስታወሻ ጻፍኩ። ከዚያ በታች ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ሀጀር ፎቶ አንስታ ለሲስተር ላከችልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነበር።

ሲስተር ወዲያው ደወለች። ድምጿ ደከም ብሏል። እንዲህ ተጽፎበት አይሆንም እናቴ አለችኝ፤ ተጨማሪ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት አይቀበሉም፣ ንጹሑን እልክልዎታለሁ፣ አሳትመው ፊርማ ብቻ ያድርጉበት፣ እስከ አሥር ሰዓት። ሀጀር ልታሳትመው ወደ ታች ሮጠች።

እኔ ተናደድኩ። አየህ አልኩት፣ የተረከቡበትን ሁኔታ መጻፍ የማይፈልግ ተረካቢ ምን ዓይነት ተረካቢ ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለውን ሰው ከመጋዘኔ ደጅ መልሻለሁ። አምደሚካኤል ምን ብለሽ ጻፍሽ አለኝ። አነበብኩለት።

"ባለቤቴን አቶ አምደሚካኤልን በእግሩ እየሄደ፣ እየተናገረ፣ አእምሮው ሙሉ ሆኖ አስረክቤአለሁ። ባስረከብኩበት ሁኔታ እንዲመለስልኝ።"

መጀመሪያ የሚያለቅስ መሰለኝ፣ ለካ እየሳቀ ነው። ሳቁ ትንፋሹን ስለ ቆረጠው እጁን አንስቶ ቆይ አለኝ። ቆየሁ።

"ባስረከብኩበት ሁኔታ?" አለ። "ቅድም ደረጃው ላይ ያገኘሽውን ሰውዬ ነው መልሱልኝ የምትያቸው?"

ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም፤ ወንበር አይጠይቅም፣ ጎማ አይጠይቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። እሱም እስክጨርስ እጄን ይዞ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ብሞትም አንቺ ፈርመሽ አይደለም የምሞተው አለኝ። ባትፈርሚ ነው የሚያሳዝነኝ፣ ሳልሞክር ይቀራል።

ሀጀር ንጹሑን ወረቀት ይዛ ስትመጣ አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ተረድቼ ተስማምቻለሁ የሚለውን አንዴ አነበብኩት። አልተረዳሁም፣ ግን ፈረምኩ። ከፊርማዬ በቀር አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። ሀጀር ላከችው፤ ሲስተር ደርሶኛል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ይምጡ ብላ መለሰች።

ይህን ሁሉ የማወራው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከገባ አራት ሰዓት ሆነው። በሩ ላይ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ አንዲት ትንሽ መስታወት አለች፣ ተንጠራርቼ ላይባት እችል ነበር፤ አልተነሣሁም። ጎኔ የተቀመጡት አባት፣ የልጃቸውን ልጅ ያስገቡ፣ ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው ብለው ጠየቁኝ። እንደ ነበረ እንዳይመልሱልኝ አልኳቸው።