አምኖት ነው?

የማሾ መጋዘናችንን የክፍል ኃላፊዎች አመራር ሊያስተምር ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ፣ ሸዋሮቢት ዳር ካለ ሜዳ ላይ አንድ የጋሪ ፈረስ አስቆመ። «ፈረስ የሚከተለው የሚያምነውን መሪ ብቻ ነው» አለን።

ሥራ አስኪያጃችን ደምሴ፣ ያ ባልደረባችንን ሕይወትን የአቧራ መከላከያ ጠየቀች ብሎ ባለፈው ሳምንት ያባረራት ሰውዬ፣ ልጓም ሳይዝ ከፈረሱ ፊት ፊት ሄደ። ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ ተከተለው።

«አያችሁ መተማመን!» ብሎ አሠልጣኙ አስጨበጨበን።

እኔ ማጨብጨቤን ትቼ ወደ ባለጋሪው ጠጋ አልኩ። «ጋሼ ሱሌይማን፣ እውነት አምኖት ነው?»

«የምን ማመን!» አሉኝ። «ወላሂ፣ ስምንት ዓመት ገርፌዋለሁ። ፊቱ የቆመ ሁሉ እኔ ይመስለዋል።»

ይሄኔ ደምሴ ዞር ብሎ እጆቼን አየ።

አንገቴን ደፍቼ ማጨብጨቤን ቀጠልኩ።