የመጀመሪያውን ዛፍ የተከለው ሰው

«እንግዲህ እትዬ፣ የትኛው መቃብር እንደሆነ ያሳዩንና እሱ አይነካም» አለ የመካነ መቃብሩ ኃላፊ፣ የቡናውን ስኒ በሁለት እጁ እንደያዘ።

ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ኃላፊው ሊያስተዛዝን ቢመጣም ሥራውንም ይዞ ነው የመጣው። በአጥሩ ሥር ያሉት ስም የለሽ መቃብሮች ተነሥተው መንገድ ሊሰፋ ነው፤ ታሪክ ያለው ብቻ ይቀራል። ከእነሱ መካከል ደግሞ የመካነ መቃብሩን የመጀመሪያ ዛፍ የተከለው ሰው እንዳለ ሟቹ ዕድሜ ልኩን ለጎብኚ ሲናገር ኖሯል።

የትኛው እንደሆነ ታውቃለች የተባለችው ሚስቱ ነበረች። እሷ የምታውቀው ግን ማንም እንደማያውቅ ነው።

ባሏ የመካነ መቃብሩ አስጎብኚ ነበር። የመቅበሪያ ቦታ የጠበባት ከተማ ከዳርቻዋ የተተወ የድንጋይ መፍለጫ ገዝታ አፈር እንዳስሞላች፣ ሐዘንተኛ ጫፋቸውን እንዳያይ መንገዶቹ ጠመዝማዛ ሆነው እንደተቀየሱ፣ መናፈሻ ባልነበረበት ዘመን ሰው በዕረፍት ቀኑ ምሳውን ቋጥሮ እዚያ ጥላ ሥር ይውል እንደነበር ሲተርክ እውነቱን ነበር። አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን አመሉ ይነሣበታል። ዛሬ አንዱን መቃብር «የመጀመሪያውን ዛፍ የተከለው እዚህ ነው» ይልና ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ነገ ሌላውን። ሰዉም አበባ ያኖራል።

ሙሽራ ሳለች ደርሳበት አኩርፋ ነበር። ሰው ቤት ሄዳ ርቧት እንኳ «በልቻለሁ» የማትል ሴት ናት።

«መቼም ከእነዚህ አንዱ ተክሎታል» አላት እየሳቀ። «የትኛው እንደሆነ ካላወቅኩ ሁሉንም በየተራ ባመሰግን ምን አለበት?»

«ውሸት ነዋ።»

«ውሸትማ ነው። ግን አበባ አግኝተዋል።»

ሳትወድ ሳቀች። እንዲህ እያሳቃት ነው አብራው ያረጀችው።

አሁን ሁሉም አፍ አፏን ያያል። እህቷ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት፤ አንዱን ጠቁመሽ ተገላገይ ማለቷ ነው። አንዱን ብትጠቁም ሌሎቹ ሊነሡ ነው። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ሁሉም ይነሣሉ፤ ባሏም ገና አፈሩ ሳይደርቅ ውሸታም ሊባል ነው።

«አንድ ሰው አልነበረም» አለች። «ወንድማማቾች ናቸው። ጉድጓዱን የቆፈረ አለ፣ ውኃ የተሸከመ አለ፣ ችግኙን የያዘም አለ። ሁሉም እዚያው ነው ያረፉት። እሱም ለዚህ ነው ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ሲያሳይ የኖረው።»

ኃላፊው ስኒውን አስቀመጠ። «እኔ እኮ ጋሼ እያረጁ ሲሄዱ ይዘነጋቸዋል እል ነበር» አለ። «እንግዲያው አንዱም አይነካም።»

እህቷ አፏን በእጇ ያዘች። ሚስቱ ግን ተነሣች፤ ከሚስማሩ ላይ የባሏን ባርኔጣ አወረደች፣ ራሷ ላይ ደፋችው፣ ከዚያም ቀስ ብላ አወለቀችው።