የጋሼ ፍተሻ

ፕሮግራመሯ አንድ ረፋድ ላይ ታላቅ እህቷ ወደምትሠራበት ክሊኒክ ሄደች። እህቷ ነርስ ናት፤ ቤት በገባች ቁጥር ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «የእናንተ ሲስተም ጨረሰን!» ማለት ይቀድማታል። «የእናንተ» ማለቷ ያለምክንያት አልነበረም። የክሊኒኩን የምርመራ ውጤቶች የሚይዘውን፣ ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም የሚንከባከበው የታናሿ መሥሪያ ቤት ነው።

ሄዳ ስታየው እህቷ ምንም አላጋነነችም። ኮሪደሩ በሕመምተኛ ጢም ብሏል። ሐኪሙ የአንዷን ሕመምተኛ መዝገብ ለመክፈት ኮምፒውተሩን ነካ ያደርግና እጁን አጣጥፎ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል። አንድ አባት ትኩሳት ያነደዳትን ልጃቸውን እንዳቀፉ፣ «አሁንም ሲስተም የለም?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። አንጀቷን የበላው ይሄ ነው።

ቢሮ ተመልሳ ኮዱን ከፈተች። የመንቀራፈፉ ምክንያት ብዙም አላስቸገራትም። አንድ መዝገብ ሲከፈት ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ውጤት መረጃው ከተከማቸበት ዳታቤዝ ለየብቻ ያመጣል፤ በያንዳንዱ ላይ ደግሞ መዝገቡን የከፈተው ሰው ለማየት ፈቃድ እንዳለው እንደ አዲስ ይፈትሻል።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ፍተሻውን አውጪና ይፍጠን!» አለ አለቃዋ። «ሰውዬው ድሮም ጥርጣሬ ያበዛ ነበር።»

ሰውዬው የተባሉት ጋሼ ናቸው፤ ፕሮግራሙን የጻፉት፣ እሷንም ሥራ ያስተማሯት፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ቤት የዋሉት። ፍተሻውን ማውጣት ቀላል ነበር፤ እጇ ግን እምቢ አላት። ጋሼ በከንቱ አንዲት መስመር አይጽፉም። ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ቤታቸው ሄደች።

ላፕቶፗን ከፍታ ኮዱን ገና ስታሳያቸው የጋሼ ፊት ጠቆረ። «ልታፈርሺው ነው የመጣሽው?»

«ኧረ አይደለም ጋሼ! ለምን እንዲህ እንዳደረጉት ልጠይቅዎ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት። ከዚያ ነገሯት። መጀመሪያ ፍተሻ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የገባ ሁሉ ሁሉን ያያል። አንድ ሠራተኛ የጎረቤቱን ልጅ ውጤት ከፍቶ አነበበና ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ልጅቷ ከቤት መውጣት አቆመች፤ በኋላም ቤተሰቡ ሰፈሩን ለቀቀ።

«ደንግጬ ነው የጻፍኩት» አሉ። «በር ላይ በር ደረብኩ። ያኔ በሽተኛው ጥቂት ስለነበር መዘግየቱ አልታየኝም።»

«ፍተሻው አይወጣም ጋሼ። ውጤቶቹን ግን ባንድ ጊዜ እናምጣቸው።»

«ሁሉንም ማየት የማይፈቀድለት ሰው ከሆነስ?»

«ፈቃዱን ከጥያቄው ጋር አብረን እንላከው። ዳታቤዙ ራሱ የተፈቀደውን ብቻ መርጦ ይስጥ።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡና ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «እንዴት አልመጣልኝም!» ወንበራቸውን አስጠግተው አብረዋት ያነቡ ጀመር። ወዲያው እሳቸው ራሳቸው ሌላ ጉድ አገኙ፤ መፈለጊያው ሳጥን ላይ የተጻፈው ሁሉ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ዳታቤዝ ይገባል። ተንኮል ያሰበ ሰው እዚያ ላይ ትእዛዝ ጽፎ የሁሉንም ሰው መዝገብ ሊያወጣ ይችላል።

«ጉድ እኮ ነው፣ በሩን ሁሉ ቆልፌ መስኮቱን ክፍት ትቼው!» ብለው ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። እሱንም አስተካከሉት።

አለቃዋ ተጨማሪ ሙከራ ካልተደረገ የተስተካከለውን ፕሮግራም ክሊኒኩ ላይ አልጭንም ስትለው ተነጫነጨ፤ እሷ ግን አልተበገረችም። በመጨረሻ ሲጫን ሐኪሙ ነካ ከማድረጉ መዝገቡ ይከፈት ጀመር። «እንግዲህ ምኑን ላማርር?» አለች እህቷ በስልክ።

ብዙም ሳይቆይ ከክሊኒኩ ሌላ ወሬ መጣ። አንድ ሠራተኛ የማይመለከተውን የሕመምተኛ ውጤት ሊከፍት ሲሞክር ፕሮግራሙ ከልክሎታል። አለቃዋ መልእክቱን ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋና ለጋሼ ደወለ። ምን እንደተባባሉ አልሰማችም። ሲወጣ ግን አጠገቧ ቆመና፣ «ቅዳሜ አብረን ሄደን ብንጠይቃቸውስ?» አላት።